ጽዋው ቄሱ ዘንድ እስኪደርስ

የታመምሁበት ጠዋት በረዶ ጥሎ ነበር። ከደጃፌ እስከ ባሕር ዛፎቹ ሥር ድረስ መሬቱ ነጥቶ፣ የቆርቆሮው ክዳን ገና እየተንጠባጠበ፣ እኔም በነጠላ ጫማ ወጥቼ ቅዝቃዜው በቀኝ እግሬ በኩል ወደ ላይ ሲወጣ እንደተሰማኝ አስታውሳለሁ። ታላቅ እኅቴ ግን በረዶ የሚባል ነገር አልነበረም ትላለች። «ጠራራ ፀሐይ ነበር እኮ! ገብስ አስጥቼ ስጠብቅ ነው የተደወለልኝ።» እሷ የነበረችው ዳባት፣ እኔ የወደቅሁት ደባርቅ ስለሆነ የአንዱ ከተማ ሰማይ ለሌላው ምስክር ሊሆን አይችልም ብዬ ተከራከርሁ። ከደጄ አንሥቶ ያስገባኝ ጎረቤቴ ሲጠየቅ ግን እሱም በረዶ አላየሁም አለ። ምናልባት እንግዲህ ቅዝቃዜው ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ከራሴ ጎን የተነሣ ነበር፤ አእምሮዬም ምክንያት ቢያጣለት በረዶ አዘነበለት።

ይህን አስቀድሜ መናገሬ ለአንባቢ ፍርድ እንዲመች ነው። ከዚህ በታች የምተርከው ጉዳይ በመጨረሻ የሚያርፈው በእኔ ትዝታ ላይ ብቻ ነው፤ ትዝታዬ ደግሞ ባልጣለ በረዶ የሚምል ትዝታ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርሁት፣ ኋላም ደባርቅ ላይ እስክታመም ድረስ ሳስተምር የኖርሁት ጂኦግራፊ ነበር። ደመና ከቆላው ተነሥቶ በገደሉ ጫፍ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ በጠመኔ እየሣልሁ ለስንት ተማሪ ያስረዳሁ ሰው፣ የአንዲት ጠዋትን አየር ለራሱ ማስረዳት አቅቶታል።

ሐኪሞቹ ስትሮክ አሉት። የሰፈሬ ሰው «ግማሽ ጎኑን መታው» ይላል፤ የመታው ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። ጎንደር ሆስፒታል ተኝቼ ስወጣ አንደበቴ ተመልሶልኝ ነበር። ቀኝ እግሬም እየተጎተተ ቢሆን ይከተለኛል። ቀኝ እጄ ግን የሌላ ሰው ዕቃ በአደራ የተቀበልሁ ይመስል ከትከሻዬ ተንጠልጥሎ ቀረ። ባለቤቴ ከሞተች ቆይታለች፤ ልጅም አልወለድንም። እኅቴ ማንንም ሳታማክር ዳባት፣ ቤቷ ወሰደችኝ።

እኅቴን ማማት አልፈልግም። በእኛ አገር ታማሚ አይነሣም፤ የሚወደው ሰው ካለ ደግሞ እጁን እንኳ አያነሣም። ውኃ ልጠጣ ስል ጣሳው ከንፈሬ ላይ ደርሶ አገኘዋለሁ። ከመደቡ ልወርድ ስሞክር ለጥየቃ የመጣ ሰው ሁሉ ይነሣል፤ አንዱ ብብቴን፣ ሌላው ወገቤን ይይዛል፤ መሬት ሳልረግጥ መጸዳጃ ቤት እደርሳለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ማዕድ ነበር። ከሰው ጋር በአንድ ትሪ የሚበላ ሰው የሚበላው በቀኙ ነው፤ ግራን ወደ ማዕድ መስደድ ነውር ነው። ቀኜ ሲከዳኝ እንግዲህ ወይ ተደብቆ መብላት፣ ወይ መጉረስ ቀረልኝ። በእኅቴ ቤት ተደብቆ መብላት የሚባል ነገር ስለማይታወቅ ታጎርሰኝ ጀመር።

«እታለም፣ ማንኪያ ስጪኝና በግራዬ ልሞክር» አልኋት አንድ ቀን።

«ሰው እያየ? እኔ ተቀምጬ ወንድሜ በግራው ይብላ? በል አፍህን ክፈት፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ጉርሻ የፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። በበዓል አንድ፣ ሲበዛ ሁለት ጊዜ ሲመጣ ልብ ያሞቃል። ከመጀመሪያው ቁራሽ እስከ መጨረሻው ጉርሻ ብቻ የሆነ ምሳ ግን ሌላ ነገር ነው። ያጎረሰችኝን ገና ሳላላምጥ የሚቀጥለው ተጠቅልሎ ይጠብቀኛል። መቼ እንደምጠግብ የምታውቀው እሷ ነበረች።

ለክትትል ጎንደር ስንመለስ አንዲት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እጄን ይዛ እያገላበጠች ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ሸሚዝዎን ማን ነው ያለበሰዎት?»

«እኅቴ።»

«ምሳስ ማን ነው የሚያበላዎት?»

«እኅቴ።»

ወደ እኅቴ ዞር አለች። «እትዬ፣ እንቅስቃሴውን ሁሉ የሚሠሩት እርስዎ ነዎት ማለት ነው። ታዲያ የሚድኑትም እርስዎ ይሆናሉ እኮ!»

እኔ ሣቅሁ፤ እኅቴ አልሣቀችም። ባለሙያዋ ሸሚዝ ስለብስ አስቀድሜ የታመመውን እጅ እንዳገባ፣ የማንኪያውን እጀታ በጨርቅ ጠቅልዬ እንዳወፍረው፣ የምፈልገውን ዕቃ ሁሉ ሰነፉ እጄ ሊደርስበት በሚገደድበት በኩል እንዳስቀምጥ አሳየችኝ። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ሁሉ መድኃኒት ነው አለች። ስንመለስ ኮሶዬ ዳገት ላይ ጉም ወርዶ ሚኒባሱ መብራቱን አብርቶ ያዘግም ነበር። እኅቴ «ታሞ ብቻውን ይንቀሳቀስ ትላለች፤ ምነው፣ ይህቺ ልጅ እናት የላትም?» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ።

ወደ ደባርቅ ልመለስ፣ በገዛ ቤቴ ልኑር ብዬ መለመን የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው። እኅቴን የረታሁበት ምክንያት ግን የባለሙያዋ ምክር አልነበረም፤ ጽዋው ነበር። በሰፈሬ የሚካኤል ማኅበር ውስጥ ከወጣትነቴ ጀምሮ ማኅበርተኛ ነኝ። በየወሩ ተረኛው በቤቱ ይደግሳል፤ ጽዋውን በጠላ ሞልቶ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ ከቤቱ ጥግ ለሚቀመጡት ቄስ አቅርቦ ያስባርካል። ይህን የሚያደርገው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ወኪል አይልክም። ተራዬ እየቀረበ ነበር። እኅቴም ይህን ስታስብ ቆይታ ፈረደች።

«እሺ፣ ሂድ። ተራህ ሲደርስ እመጣለሁ። ጽዋውን በእጅህ ይዘህ አባታችን ዘንድ ካደረስህ ከቤትህ አላወጣህም። ካቃተህ ግን ቤቱ ተዘግቶ ከእኔ ጋር ነህ። ያን ጊዜ ተይኝ ብትል አልሰማህም።»

«ቃልሽ ነው?»

«ሚካኤል ይስማኝ።»

ጎረቤቴ በተራራው ፓርክ የዱር አራዊት ጠባቂ ስካውት ሆኖ ያረጀ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ከመምጣቴ በፊት ከበሩ እስከ ጓሮው መጸዳጃ ቤት የምደገፍበት የባሕር ዛፍ አጣና ወገብ በሚደርስ ከፍታ ተክሎ ጠበቀኝ። በቤቱ ውስጥም ግድግዳውን ተከትሎ ሌላ ሠራልኝ። ጨርሶ እጁን እያራገፈ «እንግዲህ መምህር» አለኝ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ጭላዳ ዝንጀሮ በገደል ጫፍ እንደ ልቡ ሲሄድ ሳይ ኖርሁ፤ ሰው ግን በገዛ ሳሎኑ አጥር ሲታጠርለት ያየሁት ዛሬ ነው።»

ያን ጊዜ ደስተኛ ነበርሁ? ነበርሁ ብዬ እጽፍና ብዕሬ ይቆማል። የማስታውሰው ድካሙን ነው። ሸሚዝ ለብሼ እስክጨርስ ጧቱ ያልፋል፤ አንድ ቁልፍ ይቀረኝና እሱን ትቼ ጋቢ እደርብበታለሁ። በራዱን በግራዬ ጥጄ፣ በቀኜ ለመደገፍ ስሞክር ጣቶቼ እየተንሸራተቱ ሻይ በልብሴ ላይ ይፈስሳል። መጀመሪያ በግራዬ በላሁ፤ ማንም አላየኝም። ከዚያ ማንኪያውን በአሮጌ ሻርፕ ቁራጭ ጠቅልዬ በቀኜ አስጨበጥሁት። ምስር ወጥ ከሳህኑ እስከ አፌ የሚያደርገውን ጉዞ የሚያህል ረጅም መንገድ በየትኛውም ካርታ ላይ አላየሁም። ግን አንዳንዴ ይደርስ ነበር። የራበኝን ያህል እንኳ ባልበላም፣ የበላሁት እኔ ነበርሁ።

ጎረቤቶቼ ይህን እንዲያዩ አልፈለግሁም፤ ካዩ ማንኪያውን ይቀሙኛል። ስለዚህ በር እየዘጋሁ እለማመድ ነበር። አንድ ቀን ያ ቀልደኛ ጎረቤቴ በሩን ደበደበ።

«መምህር! አለህ?»

«አለሁ!»

«ታዲያ በቀን በር የምትዘጋው ምን ሆነህ ነው? ሰው በሩን ዘግቶ የሚውለው ወይ ሲሞት ነው ወይ ሥጋ ሲበላ! የቱ ነው?»

«ሁለቱም አይደለም።»

«አሳዝነኸኛል። ሥጋ ቢሆን እገባ ነበር።»

ገባና የማደርገውን አየ። በጣሳ ውኃ ይዤ ከጠረጴዛው እስከ መደቡ እመላለሳለሁ፤ ግራ እጄ ከጎን፣ ቀኝ እጄ ከሥር። የፈሰሰው ውኃ በሊሾው ወለል ላይ መንገዴን ያሳያል፤ መጀመሪያ ገና ከጠረጴዛው ሥር ይጀምር የነበረው እርጥበት ቀስ በቀስ ወደ መደቡ ተጠግቶ ነበር። አልቀለደም። «ትንሽ ብቻ ሙላው፣ ቀጥሎ ትጨምራለህ» አለኝና በሩን ዘግቶልኝ ወጣ። በእነዚያ ወራት የጎንደር መንገድ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ስልኩም እንደዚሁ። ባለሙያዋን ደግሜ አላየኋትም። የቀረኝ መምህር ያ ወለል ነበር።

የሚካኤል ዕለት ደረሰ። እኅቴ ከዋዜማው ገብታ ነበር። ድግሱን ለማዘጋጀት የቻልሁትን አስቤ፣ ዳቦ እንዲጋገርልኝ ለምኜ፣ ጠላውንም አስጠምቄ ነበር። ማኅበርተኞቹ ግን «ለሕመምተኛ ሸክም አንሆንም» ብለው ተመካክረው ኖሮ ሁሉን ነገር ይዘው መጡ፤ ዳቦውን፣ ጠላውን፣ ቆሎውን፣ ብርጭቆውን ሳይቀር። ሴቶቹ ቤቱን ከእኔ ተቀበሉት። ለበዓል የሚሆን ጓሳ ሣር ከላይ ከቡይት ራስ በኩል አስመጥተው ወለሉን ከዳር እስከ ዳር አለበሱት፤ ቤቱ በአንድ ጊዜ ሜዳ መሰለ፣ ሜዳም ሸተተ። በግድግዳው ዙሪያ ወንበር ደርድረው ተቀመጡ፤ የምይዘው አጣና ከጀርባቸው ቀረ። እኔን በጋቢ ጠቅልለው ከጥግ አስቀመጡኝ። አንዷ ማኅበርተኛ ወዲያው ልታጎርሰኝ መጣች።

«ዛሬ ደጋሹ እኔ ነኝ እኮ» አልኋት።

«ደግሰሃል፣ ደግሰሃል! አፍህን ብቻ ክፈት፣ የኔ ጌታ።»

ጎረስሁ። እንግዳን መመለስ አይቻልም፤ በራሴ ቤት እነሱ እንግዳ ይሁኑ እኔ፣ ያን ጊዜ አልለየሁትም።

ጽዋው የሚቀርብበት ሰዓት ሲደርስ ብድግ አልሁ። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴ የምንለው ሽማግሌ፣ «ተዉት፣ ይሞክር» አለ፤ እኅቴም ወደኔ ሳይሆን ወደ እጆቼ ስታይ አየኋት። ጽዋውን እንደተለማመድሁት ያዝሁት። ከጠረጴዛው ቄሱ እስከ ተቀመጡበት መደብ ያለው መንገድ የዘወትር መንገዴ ነበር፤ ግን ባዶ ቤት እንጂ ሰው የሞላበት፣ ሊሾ እንጂ ጓሳ የለበሰ አልነበረም። ጀመርሁ። «እመብርሃን ትያዝህ» ሲል የሴት ድምፅ ሰማሁ። ከመካከል ስደርስ የሚጎተተው እግሬ በሣሩ ተያዘ።

ቆምሁ። መቆሜን አስታውሳለሁ። ደግሞም በቀኝ እጄ ጣቶች የጽዋውን ቅዝቃዜ አስታውሳለሁ፤ ከታመምሁ ጀምሮ በእነዚያ ጣቶች የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር። ጣቶቼ ይዘው ነበር። እግሬን ከሣሩ ላላቅቅ ክብደቴን ወደ ግራ ሳደርግ «ኧረ ያዙት!» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ ከጩኸቱ ጋር ቤቱ በሙሉ ተነሣ። ከዚያ በኋላ የማየው እጅ ብቻ ነው። የእኅቴ እጅ፣ የሙሴው እጅ፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው እጅ፣ ሁሉም በጽዋው ላይ፣ በክርኔ ላይ፣ በወገቤ ላይ። ጠላው በጓሳው ላይ ፈሰሰ። ጽዋው በእጆች መካከል ሄዶ ቄሱ ዘንድ ደረሰ። እልልታ ሆነ።

እንግዶቹ ዳቦ ሲቆርሱ እኅቴን በሹክሹክታ «ይዤው ነበር» አልኋት።

«እየወደቀ ነበር፤ እኔ ነኝ የያዝሁት።»

«አልወደቀም። ቀዝቅዞኝ ነበር፣ በቀኜ።»

«በረዶው እንደቀዘቀዘህ ነው?» አለች። ለማሾፍ አልነበረም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ጎረቤቴን ጠራሁት። «አንተ አይተሃል። ይዤው ነበር በላት።»

ጥርሱን በእንጨት እየጎረጎረ ወለሉን፣ የፈሰሰውን ጠላ አየ። «መምህር፣ ያየሁትን ከጠየቅኸኝ፣ ያየሁት የሰው ጀርባ ነው። ሁሉም ተነሣ፤ እኔም ተነሣሁ። እንዲያው አንተን ደስ ይበልህ ብዬ ብናገር ደስ ይለኝ ነበር። ግን በጽዋ አልዋሽም።»

የቀሩት ቄሱ ነበሩ፤ እሳቸው ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ግን ቆይቷል። ተጠግቼ ስጠይቃቸው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጄ፣ ጽዋው ደርሶኛል። በማን እጅ እንደደረሰ እሱ ያውቃል» አሉኝ።

ሰዎቹ ሊበተኑ ሲሉ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ተሰጠ። ሙሴው ቆመ። «የመምህርን ልፋት ሁላችንም አይተናል። ከእንግዲህ የእሱ ተራ በጸሎት ይሁን፤ ጽዋው ይለፈው፣ ሚካኤል ግን አያልፈውም» አለ። ሁሉም በአንድ ድምፅ አሜን አሉ፤ ከባድ ዕቃ ከአንድ ሰው ራስ ላይ ያወረዱ ሰዎች ደስታ በፊታቸው ነበር። በየተራ ጉልበቴን ስመው ወጡ። አንድም ክፉ ሰው በቤቴ አልነበረም። ለመቆጣት ፈልጌ የምቆጣው ሰው አጣሁ።

እኅቴ ቃሏን ጠበቀች። እኔም ቃሌን ጠበቅሁ፤ ምን ብዬ እከራከር? የእኔን እጅ የሚመሰክርልኝ የእኔው አእምሮ ብቻ ነው፤ እሱም በበረዶው የተያዘ ምስክር ነው። ጎረቤቴ ሻንጣዬን እስከ መናኸሪያው በባጃጅ አደረሰልኝ። ከመውጣታችን በፊት በሩን ስቆልፍ ቁልፉን በቀኜ ለማዞር ሞክሬ ነበር፤ አልዞረም። እሱ ዞር ብሎ የማያይ መሰለ፣ ከዚያ ተቀብሎኝ ቆለፈው። «አጣናውን አልነቅለውም» አለኝ፤ «ዶሮዎቼ ይሰፍሩበታል።» ልስቅለት ሞከርሁ።

ዳባት ከገባሁ ብዙ ጊዜ ሆነ፤ ስንት ወር እንደሆነ እኅቴ ታውቃለች። ቤቷ ለገበያው ቅርብ ስለሆነ በየገበያው ቀን ጠያቂ አይጠፋም። መጀመሪያ ላይ ማንኪያዬን ከሻንጣው አወጣሁ። እኅቴ የተጠቀለለበትን ሻርፕ ቆሽሿል ብላ ፈትታ አጥባ፣ ማንኪያውን ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠችው፤ ከዚያ ወዲህ የትኛው የእኔ እንደነበር መለየት አልቻልሁም። ጣሳ ይዤ በእልፍኙ ለመመላለስ ስነሣም ወዲያው «ጠማህ?» ትለኛለች። አልጠማኝም ማለት ደከመኝ፤ እጠጣለሁ። እግሬ ከመደቡ መውረዱን እየተወ ነው። ጣቶቼ ወደ መዳፌ ውስጥ እየታጠፉ ሄደዋል፤ ጧት ጧት እኅቴ በቅቤ እያሸች ትዘረጋቸዋለች፣ ማታ ተጠቅልለው አገኛቸዋለሁ።

የጽዋውን ቅዝቃዜ አሁንም አስባለሁ። ስለዚያ ቅዝቃዜ በየጊዜው ለራሴ ከመናገሬ የተነሣ፣ የማስታውሰው ጽዋውን ይሁን ንግግሬን መለየት አልችልም። አንዳንድ ቀን ጓሳው ራሱ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ያን ጊዜ እኅቴን እጠይቃታለሁ፤ «ጓሳስ ነበር» ትለኛለች። ይህን ያህሉ ተረጋግጦልኛል።

ባለፈው የሚካኤል ዕለት ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ምሳ ቀረበ። እንደተለመደው ከጎኔ ተቀመጠች፤ ወሬ ይዛ ስለነበር ገና ወደ ትሪው አልተዘረጋችም። በዚያ መካከል ሴቶቹ ወሬውን ትተው ወደ እኔ ሲያዩ ተሰማኝ። እጇ ከጭኗ ላይ ሳይነሣ አፌ ተከፍቶ ነበር።

እኅቴ ዞር ብላ አየችኝና ፊቷ በደስታ በራ። «እሰይ!» አለች ለሴቶቹ፣ «አያችሁት? ራሱ ከፈተ!»